የደብዳቤው ጀርባ

ባለፈው የተለያየነው ከማተሚያ ቤት ስመለስ፣ አምቡላንስ ከፋብሪካው በር ሲወጣ ባየሁበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ። በዚህኛው ክፍል የማፍርበት ነገር አለ። እናንተም ታፍሩብኝ ይሆናል፤ እፈሩብኝ። መደበቅ ሙያዬ ነበር፣ አሁን ግን ሰልችቶኛል።

ዛሬ ገና ለመጣ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። እኔ የአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ አጎቴ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንደ ልጁ ያሳደገኝ፣ ቤት “ጋሼ”፣ መሥሪያ ቤት “አለቃ” የምለው ሰው ነው። የምወደው ሰው ደግሞ የዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነው። ከኋላ ኪሱ መፍቻ ስለማይጠፋ ሠራተኛው በሙሉ “መፍቻ” ይለዋል። እሱ በበኩሉ እኔን “ወረቀቷ” ይለኛል። የቢሮዬ ማራገቢያ እየተንጫጫ ሥራ ሲከለክለኝ ሊጠግነው መጣ፤ ማራገቢያው ዝም አለ፣ እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ዝም ብዬ አላውቅም። ይህ ከሆነ አሥር ወሩ ነው።

ሠራተኛ ስልኩን በር ላይ አስረክቦ ስለሚገባ መፍቻ ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር። ፖስታ ቤታችን የአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ለፋብሪካው ወርኃዊ ጋዜጣ ሐሳብ እንዲሰጡ ተብሎ ከመመገቢያ አዳራሹ በር ጎን ተሰቅሏል፤ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ሐሙስ እከፍተዋለሁ። በአሥር ወር ውስጥ ስለ ጋዜጣው አራት አስተያየት፣ ስለ እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ደብዳቤ አግኝቻለሁ። ሁሉንም የጻፈው በጥገና መጠየቂያ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው። ቅጹ በካርቦን ሦስት ቅጂ ይወጣል፤ አንዱ ጥገና ክፍል፣ አንዱ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፣ ሦስተኛው ጠያቂው ጋ ይቀራል። ንጹህ ወረቀት አጣህ ወይ ብዬ ስቀልድበት፣ ንጹሑ ወረቀት ያለው አንቺ ቢሮ ነው ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የሱፍ ማበጠሪያው ማሽን ቀኝ እጁን ያዘው። ሁለት ጣቶቹን አጣ።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ታታሪነቴን ላሳይ ብዬ አንድ መሳቢያ ሙሉ መግለጫ አዘጋጀሁ። ክፉ ቀን ሲመጣ በጥድፊያ እንዳንሳሳት፣ ለእሳት አንድ፣ ለጎርፍ አንድ፣ ለሥራ ማቆም አንድ እያልኩ ስምንት ቅጽ ጻፍኩ። ቀኑና ስሙ ብቻ ክፍት ይተዋል። አጎቴ በጣም ደስ አለው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር መሳቢያውን እየከፈተ የወንድሜ ልጅ የሠራችውን እዩ ይል ነበር። ቅጽ አራት የሥራ ላይ አደጋ ነው። እንዲህ ይላል፦ “ፋብሪካው በሠራተኛው ………… ላይ በደረሰው ጉዳት የተሰማውን ልባዊ ሐዘን እየገለጸ፣ አደጋው የደረሰው ሠራተኛው የደህንነት መመሪያን ባለማክበሩ መሆኑን ያስታውቃል።” ግርጌው ላይ “ለተጨማሪ መረጃ” ብሎ የእኔን ስምና ስልክ ያስከትላል።

ማክሰኞ እኔ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የጋዜጣውን እርማት ሳይ፣ አጎቴ መሳቢያውን ከፍቶ ቅጽ አራትን አወጣ። ክፍት ቦታው ላይ የመፍቻን ሙሉ ስም በእጁ ጻፈበትና ለጋዜጦች ላከው። ረቡዕ ጠዋት ወጣ።

* * *

ረቡዕ ከሰዓት ሆስፒታል ስደርስ የክፍሉ በር ላይ ታላቅ እህቱ ተቀምጣለች። ያሳደገችው እሷ ናት። በእኛው ፋብሪካ የብርድ ልብስ ጠርዝ ትሰፋለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፋችው ጠርዝ ጫፍ ለጫፍ ቢያያዝ አገር ያዳርሳል። ስታየኝ አልተነሳችም። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣዋለች።

የት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። አንቱ እያለች ነበር የምታናግረኝ፤ በዕድሜ እናቴ ልትሆን ጥቂት ነው የሚቀራት። አንቱታው አክብሮት እንዳይመስላችሁ። በር ነው፣ ፊቴ ላይ የተዘጋ። ልየው ብዬ ለመንኳት። ጋዜጣውን ዘረጋችና ጣቷን ስሜ ላይ አሳረፈች።

“ይሄ የማን ስም ነው?”

“የእኔ።”

“የጻፉትስ እርስዎ ነዎት?”

አጎቴ ነው የላከው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እውነት ነው፣ የላከው እሱ ነው። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩን ከላይ እስከ ታች በቃሌ አውቀዋለሁ። “ልባዊ” የሚለውን ቃል ለመጨመር ግማሽ ቀን እንዳሰብኩበት ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

“እኔ ነኝ” አልኳት። “ግን ለእሱ ብዬ አልነበረም የጻፍኩት።”

“ታዲያ ለማን ብለው ነበር?”

ያ ክፍት ቦታ የሰው ቦታ ነበር፤ ማንም ይግባበት ብዬ ነው ነጠብጣብ ያደረግኩበት።

እህቱ ጋዜጣውን መልሳ አጠፈች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ብላ ለራሷ አጉረመረመች። ከዚያ አንድ መልእክት እንዳላት ነገረችኝ። ወንድሟ ማደንዘዣው ለቆት ጋዜጣውን ሲያነቡለት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማስረጃውን በእጇ ይዛ እንዴት እንዲህ ብላ ጻፈች።

የምን ማስረጃ እንደሆነ ጠየቅኳት። የማላውቅ እንዳልመስል ነገረችኝና ፊቷን አዞረች። ከሆስፒታሉ ደረጃ ስወርድ የተሰማኝ ጥፋት ብቻ አልነበረም። ያላጠፋሁት ሌላ ጥፋት እንዳለብኝ እየተነገረኝ፣ ምን እንደሆነ አለማወቄ ይበልጥ አቃጠለኝ።

* * *

ሐሙስ አጎቴ ቢሮው ጠራኝ። ደክሞት ነበር፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ክፉ ሰው ቢሆን ይህን ታሪክ መጻፍ ቀላል ይሆንልኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ልጅ ሳለሁ ሲያመኝ ራስጌዬ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያድረው እሱ ነበር።

ነገሩን አስረዳኝ። ትልቁ ገዢያችን፣ ለሆቴሎች ብርድ ልብስ የሚያቀርበው ድርጅት፣ በጋዜጣው ደንግጦ ወኪሉን ልኳል። አርብ በአራት ሰዓት ጋዜጣዊ መግለጫ ይሰጣል፤ የማነበው እኔ ነኝ። ጽሑፉ ያው ቅጽ አራት ነው፣ ትንሽ ተራዝሞ። ገዢው ከሸሸ አራት መቶ ሠራተኛ ቤቱ ይገባል አለኝ።

ጠዋት በር ላይ ሠራተኞች ሲያወሩ የሰማሁትን ይዤ፣ የማበጠሪያው መከላከያ ሽፋን ተሰብሮ እንደነበር ጠየቅኩት።

“ማን ነገረሽ? መዝገቡን አስፈትሼዋለሁ፤ አንድም የጥገና ጥያቄ አልቀረበም።”

“ሰውየውን ሳንጠይቀው ጥፋተኛ ነው ማለት ግን…”

“የጻፍሽው አንቺ ነሽ እኮ” አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ፤ ሊያመሰግነኝ ፈልጎ ይመስለኛል። “ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ያለ ዓረፍተ ነገር አልጻፍሽም።”

ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ምስጋና ሆድ ሊያስብስ እንደሚችል ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ቤት ገብቼ ከቁም ሳጥኔ ሥር የጫማ ሳጥኔን አወጣሁ። ሲከፋኝ የማደርገው ነው፤ ደብዳቤዎቹን ከመጀመሪያው አንስቼ አነባለሁ። አራተኛው ላይ ደረስኩ። “ወረቀቷ፣ ዛሬ ያንን ቢጫ ሹራብ ለብሰሽ ስታልፊ ማሽኑ በሙሉ የቆመ መሰለኝ። ስመለከት የቆምኩት እኔ ነኝ።” ሁልጊዜ እዚህ ላይ እስቃለሁ። ያን ቀን አልሳቅኩም፤ አለቀስኩ። እንባዬ ወረቀቱን አርሶ ከጀርባው ያለውን የካርቦን ጽሑፍ ወደ ፊት አሳየው፤ “ሽፋን” የሚል ቃል።

ገለበጥኩት።

የጥገና መጠየቂያ ቅጽ። የማሽኑ ስም፦ የሱፍ ማበጠሪያ። የብልሽቱ ዓይነት፦ የከበሮው መከላከያ ሽፋን ተሰብሮ ወድቋል፣ ማሽኑ ያለ ሽፋን እየሠራ ነው። የዛሬ ሰባት ወር የተጻፈ። ከሥሩ “ደርሷል” የሚል የጥገና ክፍሉ ማኅተምና ፊርማ።

ሌሎቹን ሁሉ ገለበጥኩ። የማራገቢያ፣ የቧንቧ፣ የመብራት ጥያቄዎች ናቸው። ስድስተኛው ላይ ግን ያው ማሽን፤ አስተያየት በሚለው ረድፍ “ሳይቃጠል በቅጠል” ብሎበታል። ማኅተም አለው። ዘጠነኛው ላይ ለሦስተኛ ጊዜ፦ “ሰው ሳይጎዳ በፊት ቢታይልን።” እሱም ማኅተም አለው። የዚያ ወረቀት ፊት ደግሞ የምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚያጥርበትና የእኔ አንገት እንዴት እንደሚያምር የሚተርክ ነው።

አሥር ወር ሙሉ ፊቱን ብቻ ነው ያነበብኩት። የሚያስደስተኝን አንብቤ፣ አጥፌ፣ ሳጥን ውስጥ እከታለሁ። ለካ ሙያዬን ቤቴ ድረስ ይዤው ገብቻለሁ። ከሰው ሁሉ አብልጬ የምወደው ሰው ሦስት ጊዜ ጮኾ ነበር፣ እኔ ግን ስለ ቢጫ ሹራቤ እያነበብኩ ነበር።

* * *

አርብ በማለዳ የጉብኝት ሰዓት እስኪደርስ በር ላይ ቆምኩ። እህቱ ስትመጣ የጫማ ሳጥኑን ከፍቼ ዘጠነኛውን ደብዳቤ በጀርባው ሰጠኋት። ጀርባውን አንብቤ የማላውቅ ደደብ መሆኔን ነገርኳት። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቱን ሳትገልጥ መለሰችልኝ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለች።

መፍቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እጁ እስከ ክንዱ ተጠቅልሏል። አልጋው አጠገብ ወንበር ነበር፣ አልተቀመጥኩም።

“ጀርባውን አላነበብኩትም ነበር” አልኩት።

ፊቱን ሳያዞር፣ “አሥራ አንዱንም?” አለ።

“አሥራ አንዱንም። ትናንት ነው ያነበብኩት።”

ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። “እኔ እኮ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው በዚያ የምጽፈው። አፍ አውጥቼ ለአጎትሽ ንገሪልኝ ማለት አቃተኝ። ለካ የወደደኝ ለዚህ ነው ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። ራስሽ አይተሽ ትጠይቂያለሽ አልኩ። ሳትጠይቂ ስትቀሪ፣ አይታ ነው ዝም ያለችው ብዬ ተቀየምኩሽ። ተቀይሜሽም መጻፌን አልተውኩም።”

እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። የእኔም ልብ እዚያው ላይ ነው የተሰበረው። እሱ በኩራቱ፣ እኔ በስንፍናዬ፣ አንድ ወረቀት ለሁለት ይዘን ሳንገናኝ ከረምን።

ማልቀሱን አቆየሁት፤ ለዚያ አልመጣሁም። የጋዜጣው ዓረፍተ ነገር የእኔ መሆኑን ነገርኩት። ማንንም ሳላስብ እንደጻፍኩት፣ ጥፋቱም ማንንም አለማሰቤ እንደሆነ። አጎቴ ላይ ላላክከው ፈልጌ እንደነበርም አልደበቅኩትም። ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኩ።

“ዛሬ በአራት ሰዓት ጋዜጠኛ ይሰበሰባል። እነዚህን ሦስቱን ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ያለ ፈቃድህ ግን አንዲት መስመር አላሳይም። ሰው ሳልጠይቅ ስለ ሰው መናገር ይበቃኛል። እምቢ ካልክ ያለ ወረቀቱ የማውቀውን እናገራለሁ፣ ያምኑኝ አያምኑኝ የእኔ ዕዳ ነው። ደግሞ አስብበት፤ ገልብጠው ፊቱንም ያነቡታል።”

ከግድግዳው ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

“ፊቱን ላንቺ ነው የጻፍኩት። ጀርባው የሁሉም ነው” አለ። “ውሰጂው።”

“ቢያነቡትስ?”

“ያንብቡት። የሰረቅነው ነገር የለም።”

ስወጣ ከኋላዬ ጠራኝ። ይቅር እንዳላለኝ እንዳውቅ ነገረኝ። አውቃለሁ አልኩት። እንደዚያ ሲለኝ እንኳ ከሦስት ቀን በኋላ ድምፁን መስማቴ ደረቴን ሞላው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።

* * *

መግለጫው የሚሰጠው በመመገቢያ አዳራሹ ነበር። ጠረጴዛዎቹን ገፍተው ወንበር ደርድረዋል። መድረኩ ላይ አምስት ማይክሮፎን በፕላስተር ታስሯል። እንግዶቹ ተራ በተራ ሲገቡ ከበሩ ጎን የተሰቀለው የአስተያየት ሳጥን ትከሻቸውን ይነካቸዋል። አጎቴ ፊት ረድፍ፣ ከገዢው ወኪል ጎን ተቀምጧል። ፈገግ አለልኝ። ትምህርት ቤት ግጥም ሳነብ እንደዚያው ነበር ፈገግ የሚለው።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ልባዊ ሐዘኑን፣ የደህንነት መመሪያውን፣ ሁሉንም። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጥኩ።

“አሁን ያነበብኩላችሁ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው አደጋው ከመድረሱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ጥፋተኛ መሆኑ የተወሰነው ሠራተኛው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ነው። ረቡዕ በጋዜጣ ያነበባችሁት ውስጥ አዲስ ነገር የሰውየው ስም ብቻ ነበር።”

ሲተይቡ የነበሩት ጋዜጠኞች ሁሉ ቆሙ። ወኪሉ ወደ አጎቴ ዞረ። አጎቴ ግን እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

ሦስቱን ቅጾች በጀርባቸው አንስቼ ቀኖቹን አነበብኩ። ማኅተሞቹን አሳየሁ። ማሽኑ ሰባት ወር ያለ ሽፋን እንደሠራ፣ ሦስት ጊዜ ይጠገን ተብሎ ሦስት ጊዜ እንደተቀበሉት፣ የጠየቀውም ያው የተጎዳው ሰው እንደሆነ ተናገርኩ። ድምፄ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ግን መንቀጥቀጡን ተወ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መድረክ ላይ ቆሜ በራሴ ድምፅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

“ይበቃል፣ ውረጂ” አለ አጎቴ። አልጮኸም።

“እጨርሳለሁ፣ ጋሼ።”

መሥሪያ ቤት ውስጥ ጋሼ ብዬው አላውቅም። አፌ ላይ የመጣው ሳላስበው ነው። ሊነሳ ተነቃንቆ የነበረው አጎቴ መልሶ ተቀመጠ።

ቅጾቹን ለጋዜጠኞቹ አቀበልኩ። አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ፣ ጠና ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ ዘጠነኛውን ተቀብላ አነበበችና ገለበጠችው። አንድ ሁለት መስመር ሳታስበው አነበበች። ቶሎ መልሳ ገለበጠችው፤ ግን ጎኗ ያለው ሰው አይቶ ስለነበር አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታው ተዳረሰ።

“በሌላው በኩል የግል ጽሑፍ አለ” አለች፣ በዝግታ። “የማን ነው?”

ይህን ጥያቄ ከሆስፒታሉ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ተዘጋጅቼበት ነበር። ሲመጣ የተዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ፣ እና ጥሩ ሆነ።

“የእኔ ነው። የጻፈልኝ የተጎዳው ሰው ነው። እወደዋለሁ። ስለዚህ የምለውን ሁሉ ተጠራጥራችሁ መርምሩ፤ ሥራችሁ ነው። ማኅተሙን ግን ለእኔ ሲል ያተመው የለም።”

አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌሎች ተከተሉት፤ የፌዝ ሳቅ አልነበረም። እኔ አልሳቅኩም። ማይክሮፎኑን ጠጋ አልኩና እንደ ወጉ ለተጨማሪ መረጃ ስሜንና ስልኬን ነገርኳቸው፤ የቢሮዬን ሳይሆን የራሴን። ከስሜ በፊት የተነገረው ቃል ያን ቀን አላሳፈረኝም።

* * *

አጎቴ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ኮሪደር ጠበቀኝ። እጁን ዘረጋ፤ የአስተያየት ሳጥኑን ቁልፍ ነበር የሚፈልገው። ሰጠሁት። እንዳሳደገኝ አስታወሰኝ። ከወንድሙ ሬሳ አጠገብ እጄን ይዞ እንደወጣ፣ ዛሬ ግን በእንግዳ ፊት እንዳዋረድኩት ተናገረ። ሁሉንም ሰማሁት፤ ውሸት አልነበረበትም።

“አሳድገውኛል” አልኩት። “ስለዚህ ነው ከኋላዎ ሳይሆን ፊትዎ ቆሜ የተናገርኩት።”

“ከዚያ ልጅ ጋር ስትገናኚ ግን ፊቴ አልቆምሽም።”

እሱን አልካድኩም። ፈርቼ ነበር፤ እሱንም ነገርኩት። አየኝ፣ አየኝና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አንድ ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ቀረ። ቅጾቹ እውነት ናቸው ወይ አላለኝም። ያኔ ገባኝ፤ ያውቅ ነበር። ያሳደገኝ ሰው እያወቀ እንደነበር ሳውቅ ይዞኝ የነበረው ፍርሃት ሁሉ ለቀቀኝ፣ የቀረኝ ሐዘን ብቻ ነበር።

ያንኑ ቀን ከቤቱም ከቢሮውም ዕቃዬን አወጣሁ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አንድ ክፍል ለቀቀችልኝ፤ አድራሻዋን የፋብሪካው በር ጠባቂ ጋ ተውኩ። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ደብዳቤ ለማንበብ ግን ብርሃን አያንሰውም። ቅዳሜ ስልኬ ሲጮህ ዋለ፤ የሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ሁሉንም አውርታዋለች፣ የደብዳቤውን ፊት ግን አላነሳችም። ከሆስፒታሉ ግን ማንም አልደወለም። እሑድም አልደወለም። ይቅር አላልኩሽም ያለኝን እያመላለስኩ ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ጠርዝ ሰፊዋ እህቱ ናት። የሥራ ልብሷን አላወለቀችም፣ ትከሻዋ ላይ የሱፍ ብናኝ አለ። ይግቡ ብላት አልገባም አለች፤ የምሳ ሰዓቱ አጭር ነው። ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

“እንኪ” አለችኝ።

እርስዎ አላለችኝም። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ጽሑፉ ወዳለበት ፊት ዓይኔ ሊሮጥ ሲል ያዝኩት። ገለበጥኩት። የጥገና መጠየቂያ ቅጽ፣ ሦስተኛ ቅጂ። የማሽኑ ስም፦ የሱፍ ማበጠሪያ። ጥያቄው፦ ለአራተኛ ጊዜ፣ የመከላከያ ሽፋን። አስተያየት በሚለው ረድፍ፦ ሽፋኑ እስኪገጠም ማሽኑን የሚያስነሳ የለም። ጠያቂ በሚለው ቦታ አንድ ስም አልበቃቸውም፤ ፊርማው ከረድፉ ወጥቶ ኅዳጉን ሞልቶ ዞሯል። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የእህቱ ነው። ከሁሉም በታች አንድ የተንጋደደ ፊርማ አለ፣ በግራ እጅ የተፈረመ። ቅዳሜ አስፈርማ እሑድ ሆስፒታል ወሰደችው፣ ዛሬ ጠዋት ዋናውን ጥገና ክፍል አስገብታለች። ማሽኑ እስከ አሁን ቆሟል አለችኝ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ረጋ ብላ። ማኅተሙ “ደርሷል” ይላል፤ ቀለሙ ገና ትኩስ ነው።

እያንዳንዱን ስም እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ፊቱን ገለጥኩ። ፊደሎቹ ገና መጻፍ የጀመረ ሕፃን የጻፋቸው ይመስላሉ፣ አንዱ ወጥቶ ሌላው ወርዶ።

“ወረቀቷ፣ በግራ እጄ ነው፤ አትሳቂ። ጀርባውን ሳታነቢ እንዳትመጪ። አንብበሽ ከጨረስሽ ነይ።”

ጨርሼዋለሁ። ሳቅኩም፣ አለቀስኩም፣ ባዶ እግሬን በሩ ላይ ቆሜ። ከዚያ ያንን ቢጫ ሹራብ ፈልጌ አወጣሁ፤ አገር ሁሉ ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም።